የጎንደር የግል ክሊኒኮች የጋራ ፕሮፖዛል፦ የታካሚ ካርድ ጉዳይ

ከማራኪ፦ ረቂቁ ዓርብ ይገባል። ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ታካሚ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሲሄድ ታሪኩ አብሮት ይሂድ። ዛሬ አዘዞ የተመረመረ ሰው ነገ ፒያሳ ለዚያው ምርመራ ድጋሚ ይከፍላል።

ከፒያሳ፦ እስማማለሁ። ካርዱ ላይ ግን የፋሲል ግንብ ሥዕል ይግባበት።

ከአዘዞ፦ ደሞ ፋሲል! ከሆቴል እስከ ዳቦ ቤት ፋሲል ነው። የቀለም ኅትመት ዋጋ ጠይቀሃል? የማኅተሙን ጊዜ ረሳችሁት?

ከፒያሳ፦ ማኅተሙን አታንሳብኝ። ከተማዬን ብወድ ምን አለበት?

ሲስተር (ካርድ ክፍል)፦ ሥዕሉን ተዉትና ስሙን አስቡ። በቀደም የአያት ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ካርዶች እጄ ገቡ። ስም ከነአባት አንድ፣ ዕድሜም ተቀራራቢ። አንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ይላል። ሌላኛው ወጥቶ ቢሆን ልጅቷ መርፌውን ተወግታ ነበር። ካርድ በቁጥር ይደርደር። ሲወጣም ማን እንደወሰደው የተጻፈበት ወረቀት በቦታው ይግባ።

ከማራኪ፦ ቁጥሩ የፋይዳ ይሁና፤ 12 አኃዝ ነው፣ አይደገምም።

ከአዘዞ፦ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ ፋይዳ አውጥቷል? ድንገተኛስ መታወቂያ ይዞ ይመጣል? የራሳችን ቁጥር ይቅደም፣ ፋይዳ ላለው ይጨመርለት። ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ። የሰው ውጤት በቴሌግራም መላላክ ይቁም።

ከፒያሳ፦ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ቢሆንስ?

ከአዘዞ፦ አንተ ሰው ምን ነካህ? ብሩ የሁላችንም ነው!

ከፒያሳ፦ መጀመሪያ የሚያዝያን መዋጮ ክፈል።

ከማራኪ፦ በቃ! ሁለታችሁም።

ከአዘዞ፦ እሺ፣ ተናድጄ ነው። ዛሬ እልካለሁ።

ከማራኪ፦ ሶፍትዌር አሳያለሁ ያለው ልጅስ? ስልኩ አይነሳም።

ሲስተር፦ መጣ አልመጣ፣ መብራት ሲጠፋ የምንይዘው ወረቀት ነው። ወረቀቱን እናስተካክል።

ጸሐፊ፦ እስካሁን የያዝኩት፦ የካርድ ኅትመት፣ የብረት መደርደሪያ፣ ለካርድ ሠራተኞች የሁለት ቀን ሥልጠና። ሥዕሉ በአንድ ቀለም። ከታካሚው ጋር ወደ ሌላው ክሊኒክ የሚሄደው የሪፈር ማጠቃለያ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፍ፤ በጀቱ አይችለውም።

ከማራኪ፦ የተነሣነው ለእሱ አልነበር እንዴ? ቢያንስ የካርዱ ጀርባ ላይ አለርጂና የሚወስደው መድኃኒት ይጻፍ፣ ታካሚው ኮፒውን ይያዝ።

ከፒያሳ፦ ጀርባው ላይ የሁላችንም አድራሻ አለ።

ሲስተር፦ አድራሻው አጠር ይበል። የአያት ስም መስመር ካልገባ ደግሞ እኔ አልፈርምም።