«የጡት አባት» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አያቴ ስለ አንድ የድሮ ባላባት ሲያወሩ «የጡት አባቱ ነበሩ» አሉኝ። የጡት እናት ይገባኛል። ወንድ ግን እንዴት አድርጎ ነው የሚያጠባው? ደግሞስ ሞግዚት ከሚለው በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወተት የለም፤ መጥባቱ ግን አለ። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ትግራይ ውስጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። የጡት ልጅ መሆን የሚፈልግ ሰው የባለሥልጣኑን እጅ ይይዛል፣ ጣቱን ይጠባል፣ ልጅህ ነኝ ይላል። ከዚያ ወዲያ ጌታው የጡት አባቱ ነው፣ በአቅሙ ሊረዳው ግዴታ አለበት። ጎልማሳ ሰው፣ ምናልባት ጢሙ የበቀለ፣ እንደ ሕፃን ሲጠባ አስበው! ይሄ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ዝምድናውን የሚያጸናው አፍ ነው። ዛሬ በሕግ የምንለው «ጉዲፈቻ» ግን ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ማሳደግ ነው እንጂ ማጥባት አይደለም።

«ሞግዚት» ብዙ ቦታ ዞሯል። ቤት ውስጥ ልጅ ያዥ ናት። ፍርድ ቤት ስትሄድ ደግሞ ስለ ልጁ የሚወስነው ሰው ነው፣ ሴትም ወንድም ፆታ ሳይለይ ሊሆን ይችላል። ዘፍጥረት 35፥8 ላይ «የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ» ይላል። የዕብራይስጡ ቃል ግን ቁርጥ ያለ ነው፤ «ሜኔቄት»፣ አጥቢ ማለት ነው።

ሌላ መልስ፦ እኛ ሙስሊሞች ዘንድ የጡት ዝምድና እስከ ጋብቻ ይደርሳል። ቁርኣን 4፥23 የጡት እናትንና የጡት እህትን ማግባት ይከለክላል። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ አምስት ጊዜ መጥባት ያስፈልጋል። ጎረቤታችን በወለደች በሳምንቷ ታመመች። እናቴ ያኔ እኔን ታጠባ ነበር። እኔን በግራ፣ የጎረቤታችንን ልጅ በቀኝ ይዛ ወራት አጠባችን። እሱ ዛሬም ቤት ሲገባ መጀመሪያ «እማ የት አለች?» ነው የሚለው። ለእህቶቼ ወንድም ነው፣ በቃ። ሰው ሲከዳ «የእናት ጡት ነካሽ» የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል። ከዚህ የባሰ ስድብ አላውቅም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! አሁኑኑ ደውዬ አያቴን ጠየቅኋቸው። «አውራ ጣቱን ማር ይቀባዋል፣ ልጁ ይልሰዋል፣ ሽማግሌዎች ያያሉ» አሉኝ። ማሩ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ታዲያ ባዶ ጣት ይጠባል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።