የብርና የሱዳን ገንዘብ የቆየ ምንዛሪ፦ ወርኃዊ ተመን ያለው ይተባበረኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነው። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የተሸጠ ሰሊጥ የድሮ ሂሳብ ወደ ብር እየቀየርኩ ነው፤ ደረሰኞቹ ከ1983 እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ናቸው። የሁለቱ ገንዘቦች ቀጥተኛ ተመን ስለሌለኝ በዶላር አሻግራለሁ፦ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር፣ ሲካፈል ለአንድ ዶላር ዋጋ በሱዳን ገንዘብ።

የብሩ በኩል ብዙም አያስቸግርም። ከ1965 ጀምሮ ዶላር በ2.07 ብር ተቸንክሮ ቆይቶ በ1985 መጀመሪያ 5 ብር ገባ። ዓመታዊ አማካይ ግን አያዋጣም፤ የ1992 እ.ኤ.አ. አማካይ 2.80 አካባቢ ይመጣል፣ በዚያ ዋጋ የመነዘረ ባንክ ግን የለም። ስለዚህ የወር ተመን የግድ ነው።

ጉዱ ያለው ከሱዳኑ ዘንድ ነው። በ1984 መጨረሻ ዲናር ሲመጣ 1 ዲናር 10 ፓውንድ ነበር፤ በ1999 ደግሞ አዲሱ ፓውንድ በ100 ዲናር ገባ። የአሁኑ 1 ፓውንድ እንግዲህ የድሮው 1000 መሆኑ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰንጠረዦች የድሮውንም በአዲሱ ፓውንድ ስለሚጽፉት ሦስት ዜሮ ይጠፋል። ይባስ ብሎ በዲናር ዘመንም ሰው ዋጋ የሚጠራው በፓውንድ ነበር።

ሁለት ነገር እርዱኝ፦
በዲናር ዘመን የተጻፈ ደረሰኝ የገንዘቡን ስም ካልያዘ፣ ከኩንታል ዋጋው ሌላ መለያ አለው?
የመተማን የጥቁር ገበያ ተመን በየወሩ መዝግቦ የያዘ ነጋዴ ወይም ጥናት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ የባንኩ ተመን ብቻውን ድንበር ላይ የተከፈለውን አያሳይም።