ከንፈር አንብባ የምታሰርቀው ሴት፦ እውነት ይቻላል? እህቴ «ውሸት ነው» ብላኛለች

ቀሃ ማዶ (ጠያቂው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ፊልሙን ያላያችሁ ደግሞ መጨረሻውን ስለምነካካው ተጠንቀቁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ ጋ ሄጄ «የወንጀል ነገር ስጠኝ፣ ግን ተኩስ ያልበዛበት» አልኩት። የፈረንሳይ ፊልም ጫነልኝ። በፈረንጆቹ 2001 የወጣ፣ ዣክ ኦዲያር የሠራው። የፈረንሳይኛው ርዕስ «ከንፈሮቼ ላይ» እንደማለት ነው አሉ።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ካርላ የምትባል የቢሮ ጸሐፊ አለች። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፣ መስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ልፋቱ የሷ፣ ምስጋናው የሌላ ሰው ነው። ረዳት ቅጠሪ ሲሏት ፖል መጣላት። ፖል ከእስር በአመክሮ የወጣ ነው። ስለ ቢሮ ሥራ ምንም አያውቅም፣ ፎቶኮፒ ማሽን እንኳ ግራ ያጋባዋል። ማደሪያ ስለሌለው እዚያው ቢሮ ተደብቆ ያድራል። ደረሰችበት። ግን አላጋለጠችውም። ከዚያ በኋላ እሷ በሱ እጅ ታሰርቃለች፣ እሱ በሷ ዓይን ይሰማል። አንድ የምሽት ክበብ ባለቤት ቤት ትይዩ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ በባይኖኩላር የሰዎቹን ከንፈር እያነበበች የሚዶልቱትን ትነግረዋለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም ነው የምላት፣ 9 ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ይዟት ከዚያ ወዲህ አትሰማም። አፏን ከፈታች በኋላ ስለሆነ ትናገራለች። ስፌት ቤት አላት። ደንበኞቿን ከንፈራቸውን እያየች ነው የምታስተናግደው፤ አንዳንዱ አለመስማቷን ሳያውቅ ቀሚሱን ወስዶ ይሄዳል።

ፊልሙን አብረን አየነው። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ እሷ ደግሞ እንግሊዝኛ በደንብ ታነባለች። ለሷ ከአማርኛ ፊልም የፈረንሳዩ ይቀላታል። ይሄ ራሱ ያናድደኛል። በአማርኛ የተተረከ ትርጉም ፊልም ስከፍት ጥላኝ ትነሳለች። «ተራኪው ከንፈር የለው፣ ምኑን ላይ?» ትላለች።

ግማሹ ላይ መብራት ሄደ። እኛ ቤት መብራት ሲሄድ ጨዋታም አብሮ ይሄዳል። እታለም ስልኳን አውጥታ ባትሪውን አፌ ላይ ታበራና «እሽ፣ ቀጥል» ትለኛለች። ፖሊስ የሚመረምረኝ ነው የሚመስለኝ። የዚያን ቀን እንደዚያ ሆነን ተጨቃጨቅን። እኔ «በዚህ ዓይነት አንቺም ከጣሪያ ላይ ማንበብ ትችያለሽ» አልኳት። «ውሸት ነው፣ ፊልም ነው» አለችኝ። ደግሞ እኔ «ሁለቱ ይዋደዳሉ» አልኩ፤ እሷ «አይደለም» አለች። ታዲያ ምንድን ነው ስላት «መብራት ሲመጣ እነግርሃለሁ» አለችኝ። መብራቱ ሌሊት 8 ሰዓት መጣ። ተኝተናል።

እና የሚያውቅ ሰው ካለ፦ አንደኛ፣ ከንፈር ማንበብ ያን ያህል ይሄዳል ወይ? ሁለተኛ፣ እናንተስ እነዚህን ሁለት ሰዎች ምን አላችኋቸው?

የእጅ ፊደል

ወንድሜ፣ እህትህ ልክ ናት። መስማት የተሳናቸው ልጆችን አስተምራለሁ፣ የምልህን ልምድ ብለህ ያዘው።

አንድ ነገር ሞክር። መስታወት ፊት ቆመህ ድምፅ ሳታወጣ «ማር» በል። ቀጥለህ «ባር» በል። ልዩነት አየህ? የለም። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሁሉም ከንፈር ገጥሞ የሚከፈትባቸው ናቸው፤ ልዩነታቸው በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ በኩል ያልቃል፣ ያ ደግሞ አይታይም። «ጠራ»፣ «ደራ» እና «ተራ»ም እንደዚሁ፤ ምላስ ከጥርስ ኋላ ስለሚሠራ ከውጭ አንድ ናቸው። ቀ፣ ከ፣ ገ ደግሞ ጭራሽ ጉሮሮ አካባቢ የተደበቁ ናቸው።

የሚረዳው አናባቢው ነው። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሾላሉ፣ ሣልስ ይለጥጣል፣ ራብዕ አፍ ያስከፍታል። ስለዚህ «ቡና» ስትል «ቡ»ዋ ከሩቅ ትታያለች። የቀረውን ሰው የሚሞላው ከሁኔታው ነው። ስፌት ቤት የገባ ሰው ስለ እጅጌ እንጂ ስለ ጤፍ አያወራም፤ እህትህ ግማሹን ደንበኛው ሳይናገር ታውቀዋለች። ያቺ የፊልሟ ሴት ግን የማታውቃቸው ሰዎች ስለማታውቀው ጉዳይ ሲያወሩ ነው የምታነበው። አንዱ ጀርባውን ሲያዞር፣ ሌላው አፉ ላይ ሲጋራ ሲያደርግ ምን ልታደርግ ነው? ጢሙ ያደገ ሰው ሲገጥማትስ?

በዚህ ላይ መስኮት አለ። ቀን ከሆነ መስታወቱ ሰማዩን ነው የሚያሳይህ። ማታ ውስጥ መብራት ከበራ ይሻላል።

ከንፈር ማንበብ አድካሚ ነው። እኔ የማስተምራቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ይውላሉ፣ ሰው ከንፈር ላይ ሲያፈጡ ግን ቶሎ ይዝላሉ። እህትህ ማታ ቤት ስትገባ ዝም ካለች አኩርፋ አይምሰልህ። በነገራችን ላይ አንተስ ምልክት ቋንቋ ትችላለህ? በኛ የእጅ ፊደል የእጁ ቅርፅ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዝ ካዕቡን ይነግርሃል። «ማር» እና «ባር» ፈጽሞ አይምታቱም። መብራት ሲሄድ ግን እሱም ያው ነው፣ ስልክ ማብራት አይቀርልህም።

የማታ ፊልም

ስለ ንባቡ መምህሩ ብለውታል። እኔ ስለ ፊልሙ ልበል።

እሷን ሆና የተጫወተችው ኢማኑኤል ዴቮስ ናት፣ እሱ ቫንሳን ካሰል። ዴቮስ በዚህ ሥራዋ በ2002 የፈረንሳዮቹን ሴዛር ሽልማት በምርጥ ተዋናይት ወስዳለች። ፊልሙ በድርሰትና በድምፅም ሴዛር አግኝቷል። እኔ ከሁሉም የሚገባው የምለው የድምፁን ነው። ካርላ መስሚያዋን ስታወልቅ ለኛም ድምፁ ይጠፋል፣ አስተዋላችሁ? ቢሮው ሲንጫጫባት ጠቅ ታደርገዋለች፣ በቃ፣ ውሃ ውስጥ የገባን ያህል ይሆናል። አንዳንዴ መስማት አለመቻሏ መሸሸጊያዋ ነው።

ይዋደዳሉ ወይ ላልከው፣ እኔ «ይፈላለጋሉ» ነው የምለው። እሱ አካላቷን እንደ ክፍያ የሚያስብበት ጊዜ አለ፣ እሷ አስደንግጣ ትመልሰዋለች። እሷም ንጹሕ አይደለችም። መጀመሪያ ስረቅልኝ ያለችው እሷ ናት! የሥራ ባልደረባዋን ሰነድ ከመኪና ውስጥ ያሰረቀችው። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና «ምስኪን ልጅ ወንበዴ አሳታት» ይላል። ሰውየው ኦዲያር እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል። በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ወርቃማውን ዘንባባ የወሰደበት ፊልሙም የማይተዋወቁ ስሪላንካውያን ቤተሰብ ነን ብለው ዋሽተው ፈረንሳይ የሚገቡበት ነው። ውሸቱ ቀስ እያለ ቤት ይሆናል።

የማልወደው ነገር ቢኖር የአመክሮ ተቆጣጣሪው ሚስት ጠፋችበት የሚለውን ታሪክ ነው። ለምን እንደገባ እስካሁን አልገባኝም።

ባለ ሦስት እግር

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ተሳፋሪ ከኋላ ሆኖ የሚለኝን ጆሮ እያለኝ አልሰማውም። አዘዞ ያለኝን ማራኪ ሰፈር አድርሼዋለሁ። እህትህ በርቺ በልልኝ።

ቀሃ ማዶ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ምልክት ቋንቋ ላሉኝ፦ ትንሽ ትንሽ። አፍሬ ነው የምጽፈው። ቤት ውስጥ ከንፈሬን ስለምታነብ ሰነፍኩ። ሸክሙን እሷ ላይ ጥዬ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሙከራ አደረግን። ስሜን ተራሮች ቱሪስት የሚያስጎበኝ ጓደኛ አለኝ፤ ጭላዳና ዋልያ የሚያይበትን ባይኖኩላር ለእሑድ አዋሰኝ። ሌላ ጓደኛዬ ፒያሳ፣ ጣሊያን የሠራው አሮጌ ሕንፃ ላይ ቢሮ አለው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ያለው። እታለም በረንዳው ላይ ቆመች። እኔ መንገድ ተሻግሬ ማኪያቶ አዘዝኩና ውጭ ተቀምጬ ወደሷ እያየሁ ማውራት ጀመርኩ። ብቻዬን። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ መጥታ «ምን ፈለጉ?» አለችኝ።

መጀመሪያ አሥር ነጠላ ቃላት ጽፌ ይዤ ነበር። ሦስት አገኘች። «ጠራ» ስላት «ተራ» ብላ ጻፈች፣ መምህሩ እንዳሉት። ከዚያ አሥር ዓረፍተ ነገር፦ ሰባቱን አገኘች። የቀሩት ሦስቱ የሳቅ ናቸው። «ጎረቤታችን ወሬውን ሰማ» አልኳት፤ የጻፈችው «ጎረቤታችን በሬውን ሰባ» ነው። ወሬ እንዴት በሬ እንደሆነ አታውቅም። «ሰማ» እና «ሰባ» ግን ሁልጊዜ ያምታቷታል። «እናንተ ስትሰሙም ስትሰቡም ለእኔ አንድ ናችሁ» አለችኝ።

ስለ ባይኖኩላሩ የነገረችኝን ፊልም የሚሠራ ሰው ቢሰማው ጥሩ ነበር። ከንፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ግን ከንፈር ብቻ ይሆናል። እሷ የምታነበው ዓይኑንም ትከሻውንም እጁንም ነው። ያ ሁሉ ከክቡ ውጭ ይቀራል። በዚያ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ክርኗን የበረንዳው ብረት ላይ ካላስደገፈች ምስሉ ይዘላል። አሥር ደቂቃ ሲሞላት ዓይኗ አለቀሰ።

የፍቅሩን ነገርም ማኪያቶ እየጠጣን ነገረችኝ። የካንቲኑን ቦታ ታስታውሳላችሁ? ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ባልደረቦቿ ሲያሾፉባት ካርላ ከንፈራቸውን አንብባ ለፖል ትነግረዋለች። እታለም እዚያ ላይ ነው የተነካችው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን አሉ? ምን አሉ? ስል ነው የኖርኩት» አለች። «ሰርግ ላይ፣ ልቅሶ ቤት፣ አባባ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ። ሰው ሁሉ ይስቃል ወይ ያለቅሳል፣ እኔ የአንዳችሁን እጅጌ እጎትታለሁ። እናንተ ደግሞ ምንም አይደለም፣ በኋላ እነግርሻለሁ ትሉኛላችሁ። በኋላ ግን ረስታችሁታል። ይሄ ሰውዬ ግን ጆሮው ደህና ሆኖ ጣሪያ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ምን አሉ? እያለ እሷን ይጠይቃታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲይዙት፣ ሲደበድቡት፣ መስኮቱ ጋ ሆኖ ድምፅ ሳያወጣ ለሷ ብቻ ያወራል። ስሙን እኔ እንጃ። ፍቅር አትበለው፣ ፍቅርማ ብዙ ሰው አለው።»

መልስ አልነበረኝም። «በኋላ እነግርሻለሁ» የምለው አንዱ እኔ ነኝ። አባባ ሆስፒታል እያለ ሐኪሙ ያለውን ሙሉውን የነገርኳት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

ከዚያ ባይኖኩላሩን ከመመለሳችን በፊት ወደ በረንዳው ተመለስን። ካፌው ውጭ፣ እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አንዱ እጁን እያወራጨ ያወራል። እታለም ክርኗን አስደግፋ ማየት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

እጅጌዋን ጎተትኩ። «ምን አሉ?»

ባይኖኩላሩን ሳታወርድ «ምንም አይደለም» አለችኝ። «በኋላ እነግርሃለሁ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። እስካሁን አልነገረችኝም።