ማታ ማታ የማያርፍ የቢሮ ቴሌግራም፦ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ ቤቴ ሰሚት። የታክሲ ሰልፉ ተጨምሮ ቤት ስደርስ ብዙ ጊዜ ምሽት 2 ሰዓት አልፏል። ከዚያ ደግሞ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ይጀምራል። አለቃችን ማታ 4 ሰዓት ላይ "ያ ሪፖርት ምን ደረሰ?" ይላል፣ አንዱ ባልደረባችን ወዲያው ይመልሳል፣ ዝም ያልነው ሰነፍ እንመስላለን። እሁድም ያው ነው። በኮቪድ ጊዜ ከቤት ስንሠራ የተከፈተ ግሩፕ ነው፤ ወደ ቢሮ ተመልሰንም አልቀረም። አሁን ስልኬ ሳይጮህ የጮኸ እየመሰለኝ አየዋለሁ፣ ልጄን እያበላሁ ሁሉ። ጠዋት ደግሞ ድንዝዝ ብዬ አንዱን ደረሰኝ ደጋግሜ አነባለሁ። ሥራውን አልጠላሁትም፣ መልቀቅም አልችልም፣ የቤት ኪራይ አለ። የገጠመው ሰው ምን አደረገ? "ስልክሽን ዝጊው" የሚል መልስ በናታችሁ ይቅር።

ቡና ያለ ስኳር

እሺ፣ አትዝጊው 😀 ግሩፑን ግን ሚዩት አድርጊው። ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ማድረግም ይቻላል። በስምሽ ታግ ካደረጉሽ ሊጠራብሽ ስለሚችል እሱንም ሴቲንግ ውስጥ እዪው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ትንሽ ግሩፕ ውስጥ ላኪው መልእክቱን ማን እንዳነበበ ማየት ይችላል። ስለዚህ ከፍቶ አንብቦ ዝም ማለት ከሁሉም ይብሳል። ወይ አትክፈቺው፣ ወይ "ጠዋት አየዋለሁ" ብለሽ ውጪ።

የአሠሪና ሠራተኛ ነገር

ሕጉን ላስታውስሽ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ፣ የቀረ ሠራተኛን መተካት የመሳሰሉት። እሱም በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ ሆኖ፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ "እሺ" ትርፍ ሰዓት ልጠይቅ ብትዪ ማንም አይሰማሽም። "ይሄን ሰንጠረዥ ዛሬ ማታ ሠርተሽ ላኪ" ተብለሽ ላፕቶፕ ከፍተሽ ካመሸሽ ግን ያ ሥራ ነው። መልእክቱ ሰዓቱን ይዞ እዚያው አለ፣ አታጥፊው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል፣ እሱንም እወቂው። ደግሞ ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛንና የሥራ መሪን አይመለከትም፣ ሌሎች አንባቢዎች እንዳትሳሳቱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ውጭም ብርቅ አይደለም። ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ መልእክት ያለመከታተል መብት በሕግ አላቸው። እኛ አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ እንዲህ ያለ ሕግ የለንም። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ካሉ ልጆች ጋር ነው፣ ልዩነቱ በበጋችን 7፣ በክረምታችን 8 ሰዓት ነው። እኔ ከምሳ ስመለስ እነሱ እራት በልተው ሊተኙ ነው። ስለዚህ የተስማማነው፦ ጽሑፍ ከሆነ ነገ ይደርሳል፣ እሳት ከሆነ ስልክ ይደወላል። ማንም ሰው ያለ ምክንያት በሌሊት መደወል ስለሚያፍር፣ "አስቸኳይ" የሚባለው ነገር ራሱ ቀነሰ።

አለቃም ሰው ነው

ከዚያኛው ወገን ልንገርሽ። ብዙዎቻችን ማታ የምንጽፈው ሐሳቡ እንዳይጠፋን ነው፤ መልሱን ጠዋት ብናገኘው ምንም አይደል። ግን ሠራተኛው ይህን በምን ያውቃል? አልነገርነውማ። ስለዚህ ጠይቂው። ግሩፑ ላይ እንዳታነሺው፣ ሰው ፊት የተነገረ አለቃ እልህ ይይዘዋል። ሥራ ቀለል ባለበት ሰዓት ቢሮው ገብተሽ "ማታ የሚላከውን ጠዋት ገና ስገባ ብመልስ ይስማማዎታል? አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ ይደውሉልኝ" በይው። አቤቱታ አይመስልም፣ እምቢም ለማለት ይከብደዋል። ወር መጨረሻ ሂሳብ ስትዘጉ ግን እንደምታመሺ ራስሽ ቀድመሽ ንገሪው። ይሄን ስትሰጪ ያኛውን ይሰጥሻል። የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ መልእክቱን ለጠዋት 2 ሰዓት ቀጥሮ መላክ እንደሚቻልም ብታሳዪው ደስ ይለዋል፣ እኔ ለቡድኔ የምልከው እንደዚያ ነው።

ነርሷ

እኔ የማየው ድንዛዜሽን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ጫና መዛልን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ ምልክቶቹ ጉልበት ማጣት፣ ሥራውን በልብ መሸሽና ውጤት መቀነስ ናቸው። አንቺ ሥራውን አልጠላሁም ስላልሽ ገና ነሽ። ስልኩ መኝታ ቤት አይደር፣ ለማንቂያ ተራ ሰዓት ግዢ። ድንዛዜው ሳምንታት ከቆየ ግን ሐኪም ይይሽ፣ የደም ማነስም ሊሆን ይችላል።

የሰሚቷ

ተባረኩ። የወሩ ሂሳብ እንደተዘጋ አናግረዋለሁ። ያ ወዲያው የሚመልሰው ልጅ ግን? እሱ እያለ እኔ ብዘገይ አይታይብኝም?

አለቃም ሰው ነው

ስሙን እንዳታነሺ። ወሬው ስለ እሱ ይሆንና ያንቺ ጥያቄ ይቀራል። ምናልባት እሱም እንዳንቺው ፈርቶ ነው የሚመልሰው። ከአለቃው ጋር ከተስማማችሁ በኋላ ምሳ ላይ ንገሪው፣ "ጠዋት ይበቃል ብሎኛል" ብለሽ።

ቡና ያለ ስኳር

አለቃው እምቢ ካለ ተመልሰሽ ጻፊልን፣ ያኔ የሕጉን ሰውዬ እንጠራዋለን።