እርጎውን ሰበሰብኩ፣ ደንበኛው ግን አልተመለሰም

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አለኝ። ወተትና እርጎ ለካፌዎች እናከፋፍላለን።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም አልተነሳም። ጠዋት ስደርስ የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር 17 ዲግሪ ያሳያል፤ ከ4 ማለፍ አልነበረበትም። እርጎው ግን ወጥቷል። ያስወጣው ልጅ "ቀምሼዋለሁ፣ ደህና ነው" አለኝ። በማግስቱ አራት ሰዎች ሆዳቸውን ታመሙ። ደግነቱ ሁሉም ድነዋል።

ትልቁ ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት ጽሑፍ ስለ መብራቱ ያወራል እንጂ ስለ ታመሙት አንድ ቃል የለውም። አሁን ሳነበው ራሴው እናደዳለሁ። በኋላ የቀረውን እርጎ ሰበሰብኩ፣ ገንዘብ መለስኩ፣ የታመሙትን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዷ እናት እንዲያውም ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ካፌዎቹ ግን ከ23 ወደ 9 ወርደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል በተባለ የተመረዘ የሕመም ማስታገሻ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ገደማ ጠርሙስ ሰብስቦ በአዲስ እሽግ ገበያውን መልሶ አግኝቷል። የእነሱን መድኃኒት ግን የመረዘው የውጭ ሰው ነው። የእኔ ጥፋት ከቤቴ ነው የወጣው።

ወዳጄ "ስሙን ቀይርና እንደ አዲስ ጀምር" ይለኛል። እኔ ደግሞ የቴርሞሜትሩን ፎቶ በየጠዋቱ ለካፌዎቹ ልልክ አስቤያለሁ። እንዲህ የገጠማችሁ ሰዎች፣ የሸሸ ደንበኛችሁን በመጀመሪያ የመለሰው ምን ነበር?