ለጉዞ የሚያዝ ትንሽ የብስክሌት መንፊያ፦ በምን ልምረጥ?

ባለ28፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይዤው የምወጣው ትንሽ የእጅ መንፊያ ልገዛ ነው። ብስክሌቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የአስፋልት ነው፤ ጎማው 700 በ28፣ ቫልቩ ቀጭኑ ፕሬስታ፣ የምነፋውም እስከ 5.5 ባር ነው። ሌላው የተራራ ነው፤ ጎማው 29 በ2.3፣ ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙ፣ ግፊቱ 1.8 ባር። ሁለቱም የውስጥ ጎማ አላቸው።

አንድ መንፊያ ለሁለቱም ይሆናል? ማሸጊያው ላይ 120 ወይም 160 ፒኤስአይ ተብሎ የሚጻፈውስ ምን ያህል ይታመናል? ቱቦ ያለው ይሻላል ወይስ ቀጥታ ቫልቩ ላይ የሚሰካው? መንፊያውን ትቼ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጅ (ጋዝ የታመቀበት ትንሽ ቆርቆሮ) ብቻ ብይዝስ?

ቸርኬ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም፤ የመጀመሪያው ከሱ ጋር አብሮ ይፈታል። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ስለ መንፊያው እንጂ ስለ ክንድህ አይደለም። 160 ፒኤስአይ ማለት 11 ባር ነው፤ ዕቃው ያን ያህል ሳይፈነዳና ሳያሾልክ ይችላል ማለት ነው። እጅህ እዚያ ይድረስ አይድረስ የሚወስነው የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የፒስተኑን የገጽ ስፋት በግፊቱ ታባዛለህ። ውስጡ 16 ሚ.ሜ የሆነ መንፊያ 5.5 ባር ላይ ሲደርስ እጀታውን ለመግፋት 11 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። 20 ሚ.ሜ ከሆነ ወደ 18 ኪሎ፣ 25 ሚ.ሜ ከሆነ ወደ 27 ኪሎ ይሄዳል። መንገድ ዳር ተንበርክኮ 27 ኪሎን ደጋግሞ የሚገፋ ክንድ ብዙ አይገኝም። ወፍራም መንፊያ ገዝተው 3 ባር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ዕቃው ተበላሽቷል ይላሉ። ዕቃው ደህና ነው፤ ስፋቱ ነው ለአስፋልት ጎማ ያልሆነው።

ጠባቡ ደግሞ በአንድ ምት የሚያስገባው አየር ትንሽ ነው። የፒስተኑ ጉዞ 15 ሳ.ሜ ነው እንበል። 16 ሚ.ሜው በአንድ ምት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል፣ 20 ሚ.ሜው 47፣ 25 ሚ.ሜው 74። ያንተ 700 በ28 ጎማ 1.25 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 5.5 ባር ለማድረስ ወደ 7 ሊትር አየር ይፈልጋል። ምንም ሳይባክን ቢቆጠር በ16 ሚ.ሜው 230 ምት፣ በ20 ሚ.ሜው 150 ምት ነው። የሚባክን ስላለ ሩብ ያህል ጨምርበት። የተራራው ጎማ ደግሞ 5.6 ሊትር ይይዛል፤ ለ1.8 ባር 10 ሊትር ነው። በ16 ሚ.ሜው 335 ምት፣ በ20 ሚ.ሜው 215፣ በ25 ሚ.ሜው 135 ይሆናል፤ እዚህም ብክነቱን ደምር።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ የምትነዳ ከሆነ ቁጥሩ ይጨምራል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ታች ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ስለሆነ፣ ለዚያው ግፊት የሚያስፈልገው ምት ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። መንፊያው ደከመ ብለህ እንዳታስብ፤ በአንድ ምት የሚገባው አየር ራሱ ስስ ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ብቻ የምትይዝ ከሆነ ውስጡ ከ18 እስከ 20 ሚ.ሜ፣ ጉዞው 15 ሳ.ሜ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልግ። ለአስፋልቱ ብቻ ቢሆን 16 ወይም 17፣ ለተራራው ብቻ ቢሆን 25 እልህ ነበር። የውስጡን ስፋት ማሸጊያው ላይ የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው። እጀታውን ሳይሆን ሲሊንደሩን ራሱን ከውጭ ለካና ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ቀንስ። ሌላው ደግሞ ርዝመት ነው። ኪስ ውስጥ የምትጠፋው የ10 ሳ.ሜ መንፊያ ታምራለች፤ ግን የፒስተኗ ጉዞ 6 ወይም 7 ሳ.ሜ ብቻ ስለሆነ ምቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ጎማው ወደ 5 ባር ሲጠጋ ቫልቩ የሚከፈተው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ከጎማው በላይ ሲታመቅ ነው። ከ15 ሳ.ሜው ጉዞ አብዛኛው የሚያልቀው በማመቅ ብቻ ሲሆን፣ አየር ወደ ጎማው የሚገባው በመጨረሻዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳ.ሜ ላይ ነው። እጅ ሲደክም ምቱ ያጥራል፤ ምቱ ካጠረ ደግሞ ምንም አይገባም። እጀታው ይሄዳል ይመለሳል፣ ያው አየር ይታመቃል ይለቀቃል፣ ጎማው ግን ባለበት ነው። ቀስ ብለህ እስከ ጥግ ግፋ፣ እስከ ጥግ ሳብ። 50 ሙሉ ምት ከ100 ግማሽ ምት ይበልጣል።

ጎሚስታው፦
ቱቦ ያለውን ውሰድ፣ ያለ ማመንታት። ቫልቩ ላይ ቀጥታ የሚሰካ መንፊያ የእጅህን መንቀጥቀጥ በሙሉ ወደ ቫልቩ ሥር ይወስደዋል። የውስጥ ጎማው የሚቀደደውም እዚያው፣ ቫልቩ ከጎማው ጋር በተያያዘበት ክብ ላይ ነው፤ እዚያ የተቀደደ ደግሞ በማስቲሽና በልጣፊ አይያዝም። የፕሬስታ ቀጭን ዘንግም በዚሁ ሰበብ ይጎብጣል። አስገድዶህ ቱቦ በሌለው ከነፋህ በአንድ እጅህ የመንፊያውን ራስና ጎማውን አንድ ላይ ጨብጥ፤ አውራ ጣትህ ጎማው ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ራሱ ላይ ይሁኑ። የሚንቀሳቀሰው እጀታውን የያዘው እጅ ብቻ ነው።

ፕሬስታን በቱቦ ስትነፋ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እስከ መጨረሻ ፍታና በጣትህ ጫን ብለህ ትንሽ አየር አስወጣ። ሳትነፋ የቆየ ቫልቭ ውስጡ ይጣበቃል፤ ይህን ከዘለልክ መጀመሪያ ላይ እጀታው ድንጋይ ይሆንብሃል። ጎማው ባዶ ከሆነ ቱቦውን ስታስገባ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ከላይ፣ ከቫልቩ ፊት ለፊት፣ ጎማውን በአውራ ጣትህ ተጭነህ ያዘው። መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ምት ንፋና ቁም። ቸርኬውን እያዞርክ የውስጥ ጎማው በጎማውና በቸርኬው መካከል እንዳልተነከሰ በሁለቱም ጎን ተመልከት፣ ከዚያ ቀጥል። ተነክሶ ከነፋኸው ይፈነዳል፤ ያ ሁሉ ምትም ከንቱ ይቀራል።

በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ቱቦ አንድ ጠንቅ አለው። ስትፈታው የቫልቩን ውስጥ አብሮ ይዞ ይወጣል፣ የነፋኸው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። የሚሆነው የቫልቩ ውስጥ ከቱቦው ይልቅ ላልቶ ስለሚገኝ ነው። ቤት እያለህ ቫልቩን እይ። ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች ካሉት ውስጡ የሚወጣ ዓይነት ነው፤ በቫልቭ ቁልፍ ጠበቅ አድርገው። መንገድ ላይ ቱቦውን በጣት ጫፍ ብቻ አጥብቅ፤ አየር እስካላሾለከ ድረስ ይበቃል። ቱቦው ላይ የግፊት መልቀቂያ ቁልፍ ካለ ከመፍታትህ በፊት ተጫነው፤ የታመቀው ሲወጣ ቱቦው ይላላል።

ሁለት ዓይነት ቫልቭ ስላለህ የመንፊያው ራስ ተገልብጦ ለሁለቱም የሚሆነውን ምረጥ። ቸርኬህ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የቫልቩ ጫፍ ቢያንስ 15 ሚ.ሜ ውጭ መታየት አለበት፤ ካልሆነ ራሱ በደንብ አይጨብጠውም።

ካቴና፦
ካርትሪጁን እኔም እደግፋለሁ፣ ግን "ብቻ" የሚለውን አልቀበልም። 16 ግራሙ 700 በ28 ጎማን ከ6 ባር በላይ በሰኮንዶች ያደርሳል። ለ29 በ2.3 ጎማ ግን 16 ግራም 1.5 ባር አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ለሱ 25 ግራም ነው የሚያስፈልገው። አንዴ የተበሳ ካርትሪጅ አለቀ ማለት ነው። የካርትሪጁ ራስ ቫልቩ ላይ በደንብ ሳይገባ ብትከፍተው ጋዙ አየር ላይ ይቀራል፣ በእጅህ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሲለቀቅ ብረቱ በረዶ ስለሚሆን በባዶ እጅ አትያዘው፤ ጓንት ወይም ጨርቅ ይኑርህ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይልቅ በጎማው ውስጥ ቶሎ ስለሚሰርግ በማግሥቱ ለስልሶ ታገኘዋለህ። ቤት ስትገባ አስተንፍሰህ በአየር ንፋው።

በባትሪ የሚሠሩት ትንንሽ መንፊያዎችም አሉ፤ ሥራቸውን ይሠራሉ። ግን ሲነፉ ይግላሉ፣ ባትሪያቸውም ጥቂት ጎማ ነፍቶ ያልቃል። የውስጥ ጎማህ ስስ ፕላስቲኩ ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ቫልቩን እንዳያለሰልሰው በመካከል ቱቦ አድርግ። ካርትሪጅም ባትሪም የፍጥነት ነገር ናቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲበሳብህ የማያልቀው የእጅ መንፊያው ነው።

ባለ28፦
አመሰግናለሁ፤ 20 ሚ.ሜ ውስጥ ስፋት ያለው፣ ባለ ቱቦ፣ ርዝመቱ 25 ሳ.ሜ አካባቢ የሆነ ልፈልግ ነው። የግፊት መለኪያ ያለው ልውሰድ? ከሌለውስ መንገድ ላይ መድረሱን በምን አውቃለሁ? በአውራ ጣት መጫን ይበቃል?

ቸርኬ፦
አውራ ጣት ለተራራው ጎማ ይረዳል፤ ለአስፋልቱ ግን ያታልላል። 3.5 ባርና 5.5 ባር በጣት ሲጫኑ ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። በ3.5 ጉድጓድ ስትመታ ግን የውስጥ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ተጨፍልቆ እንደ እባብ ንክሻ በሁለት ቦታ ይበሳል። በትንሽ መንፊያ ላይ ያለች መለኪያ ጠባብና ግምታዊ ናት። ያለ እሷ መሥራት ይቻላል፤ ዋናው የራስህን ቁጥር ማወቅ ነው።

መንፊያውን እንደገዛህ፣ ሳይበሳብህ፣ ቤት ውስጥ ይህን አድርግ። የኋላውን ጎማ ሙሉ በሙሉ አስተንፍስ። በአዲሱ መንፊያ እስከ ጥግ እየገፋህ 100 ምት ንፋ። መለኪያ ባለው ትልቁ የቤት መንፊያ ግፊቱን ለካ። ትልቁን ስትሰካ ቱቦውን ለመሙላት ጥቂት አየር ስለሚሄድ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ 50 ጨምረህ እንደገና ለካ፣ 5.5 ባር እስኪሞላ ቀጥል። የተገኘውን ቁጥር በወረቀት ጻፍና ከመንፊያው ጋር በፕላስተር ለጥፈው፤ ለተራራውም እንዲሁ። መንገድ ላይ ያን ያህል ትቆጥራለህ፣ አለቀ። ክንድህ የማይችለው ከሆነም የምታውቀው ያኔ ቤትህ ውስጥ ነው፤ ዕቃውን ለመቀየር ጊዜ አለህ። መንገድ ላይ 4.5 ባር ላይ ብትቆምም በ28 ጎማ እየተጠነቀቅክ ቤት ትገባለህ።

ጎሚስታው፦
አቀማመጡንም አትርሳ። ከውኃ ጠርሙስ መያዣው ጎን ፍሬሙ ላይ ካሰርከው ከፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና አቧራ በቀጥታ ራሱ ውስጥ ይገባል። ራሱን ወደ ኋላ አዙረው፤ ክዳን ከሌለው በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ሸፍነው። ማሰሪያዋ ላልታ መንፊያው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ በቬልክሮ ደግመህ እሰረው።

በዓመት አንድ ሁለቴ ሲሊንደሩን ፍታ። ፒስተኑ ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል የሲሊኮን ግራሶ ቀባው፣ መልሰህ ግጠም። የሞተር ዘይት ወይም የካቴና ዘይት አይሆንም፤ አንዳንዱን የጎማ ቀለበት ያሳብጣል፣ ያኔ ፒስተኑ ይጣበቃል። ቀለበቱ ደርቆ እንደሆነ የምታውቀው በቀላሉ ነው። የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣትህ ድፈንና እጀታውን ግፋ። ደህና ከሆነ እንደ ሞላ መልሶ ይገፋሃል። እየሾለከ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ መጀመሪያ ግራሶ ሞክር፣ ካልሆነ ቀለበቱን ቀይር። ልኩን ከአሮጌው ጋር አስተያይተህ አንድ መለዋወጫ ቀድመህ ያዝ፤ በልጣፊው ሳጥን ውስጥ ቦታ አይፈጅም።