በሶብላዬን ውርጭ ገደለው፤ የፋሲካ ቅቤ እንዴት ላንጥር?

የጓሮዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ሞቅ ሲል ተሸወድኩ። መስኮት ላይ ያሳደግኩትን በሶብላ አውጥቼ ጓሮ ተከልኩት። ሐሙስ ሌሊት ውርጭ ጣለ። ጠዋት ብወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ የተቀቀለ ቆስጣ መስሏል። አጠገቡ ያለው የአበሻ ጎመን ግን ንቅንቅ አላለም! ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ 4 ፓውንድ ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ያለ እርጥብ በሶብላ ይነጠራል? እንደገናስ መቼ ልትከል? ባለቤቴ ደግሞ አጋዘን ጎመኑን እንዳይጨርስብን ቅዳሜ የአጥር ቋሚ ሊተክል ነው።

ጡረተኛው፦
እህቴ፣ በሶብላ ሙቀት ነው የለመደው። እዚህ አካባቢ ውርጭ ኤፕሪል መጨረሻም ይመጣል። እኔ የእናቶች ቀን ሳያልፍ፣ ማለትም ሜይ ሁለተኛው እሑድ፣ ችግኝ ከቤት አላወጣም። ሌሊቱ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች የሚወርድ ከሆነ ተዪው። እስከዚያ የእንቁላል ካርቶን ላይ አፈር አድርጊና ዘሩን በትኚበት። አፈር እላዩ ላይ አትከምሪ፣ ነስነስ ብቻ። ሞቅ ያለ ቦታ ከሆነ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ ያኔ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ጋ አስጠጊው።
ጎመኑ ብርዱን አይፈራም። የሚፈራው የጁንን ሙቀት ነው፣ አበባ ያወጣብሻል። አሁኑኑ ከታች ከታች እየቀነጠብሽ ብዪ።

እማማ ቅመም፦
የኔ ልጅ፣ ለቅቤ እኮ የደረቀው ነው የሚሻለው። ከአበሻ ሱቅ ግዢ። ቅቤው መጀመሪያ ብቻውን በለዘብተኛ እሳት ይቅለጥ፣ አረፋውን ግፈፊ። ከዚያ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ እርድ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ። አብሹን ትንሽ ብቻ፤ ቶሎ ያራል። ካረረ ደግሞ 4 ፓውንዱም ያው መረረ ማለት ነው። መንጣጣቱ ጸጥ ሲልና ዝቃጩ ቡኒ መሆን ሲጀምር አውርጂው። ትንሽ አቀዝቅዘሽ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪ። ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም፣ በአፍንጫሽ ነው የምትዳኚው። እኔ አንድ ዓመት በሩን ከፍቼ ሳነጥር ጎረቤቴ ኬክ የምጋግር መስሏት መጣች።

አጥር ሠሪው፦
ስለ ቅቤው አላውቅም። ባልሽ ግን አካፋ ከማንሳቱ በፊት 811 ይደውል፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስመሮችን የሚያመላክቱት ጋ። በነፃ ነው። መጥተው መሬቱ ላይ ቀለም ይቀቡላችኋል፦ ጋዝ ቢጫ፣ መብራት ቀይ፣ ውሃ ሰማያዊ። የሥራ ቀናት ስለሚፈጅ የዚህ ቅዳሜው ይለፍ። እኔ ሳልደውል ቆፍሬ የኢንተርኔት ገመድ በጥሼ ልጆቼ አንድ ሳምንት አኮረፉኝ።

የጓሮዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ዘር በሰው ልላክልሽ ብላለች፣ ትላክ?

ጡረተኛው፦
ይቅርባት። ለመዝራት የሚገባ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ለቅቤው የምትገዢውን በሶብላ ራሱን እዪው። የአበባው ዛላ ካለበት መዳፍሽ ላይ እሺው፣ ጥቃቅን ጥቁር ዘር ይወርዳል። ሁሉም ላይበቅል ይችላል፣ ስለዚህ በዛ አድርገሽ ዝሪ።

የጓሮዋ፦
ከሱቅ አሁን ገባሁ። አንዷን ዛላ ነጭ ሰሃን ላይ አሸኋት፣ ስቆጥር 31 ፍሬ ወጣኝ። ቅቤው ነገ ይነጠራል። ባሌም ደውሏል፣ አካፋው ጋራዥ ተመልሷል።